«አርፏል» የተባለው ሕፃን

እኛ በአማርኛ አፋችንን የፈታን ሰዎች ሞትን በስሙ ከምንጠራ እባብ ብንጨብጥ ይሻለናል። «ሞተ» ማለት ስለምንፈራ፣ ጥሩ ጥሩውን ቃል ሁሉ ለቃቅመን ለእሱ ሰጠነው። ከድካሙ የተገላገለ ሰው «አረፈ» ነው፤ የሞተም «አረፈ»። ፈተናውን የተወጣ ተማሪ «አለፈ» ነው፤ ነፍሱ የወጣችም «አለፈ»። አያታችሁ ወንበራቸው ላይ ሸለብ ቢያደርጋቸው እንኳ «አሸለቡ» ብላችሁ ደፍራችሁ አትናገሩም፤ ጎረቤት ነጠላውን ዘቅዝቆ ይመጣላ! እስቲ ይህን ቋንቋ ከመምህር ለተማረ ሰው ፍረዱለት።

አስቴር ከመምህር ነው የተማረችው። የአሪ ልጅ ናት፤ በቀይ አፈር የእኛ ሰፈር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ባለቤቴ ካረገዘች ጀምሮ ቤታችንን ሳትረግጥ የቀረችበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። ቦርሳዋን አንግታ ከች ትላለች፤ የሕፃኑን ክንድ ትለካለች፤ አጎበሩን ካልጋው ላይ አጥታ የማሽላ መሸፈኛ ሆኖ ካገኘችው ደግሞ «ጋሼ፣ አጎበሩ ለማሽላ ነው ወይስ ለልጅ?» ትለኛለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስትመጣ ደስ አይለኝም ነበር። ደህና የሚጫወት ልጅ ይዞ በየሳምንቱ «ያተኩሰዋል? ያስለዋል? ጡት እምቢ ብሏል?» እየተባለ የሚጠየቅ አባት፣ ደህናውም ልጅ የታመመ ይመስለዋል።

አንድ ቅዳሜ ማር ልገዛ ዲመካ ገበያ ሄጄ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አስቴር ናት። ለጉብኝት ቤታችን ስትገባ የሰባት ወሩ ልጄ በትኩሳት ሲንዘፈዘፍ አግኝታው፣ ከእናቱ ጋር በአምቡላንስ ወደ ጂንካ ሆስፒታል እየወሰደችው ነው። ማሩን እዚያው ጥዬ በቀይ አፈር አልፎ ጂንካ ወደሚሄደው ሚኒባስ ሮጥኩ። ሚኒባስ ደግሞ እንደምታውቁት የሰው ልጅ ቢታመምም ባይታመም ካልሞላ አይነሣም። ገብቼ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ ስቁነጠነጥ እንደገና ደወለች። መስመሩ ይቆራረጣል።

«ጋሼ... አይዞህ... ሕፃኑ አርፏል» አለችና ጠፋች።

ብደውል ስልኳ ዝግ ነው። ባትሪው ማለቁን ያወቅሁት ኋላ ነው። የባለቤቴ ስልክ በጥድፊያው ቤት ቀርቷል።

ፍርሃት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ቁርጡን ባውቅ አለቅስ ነበር፤ ቁርጥ የለም። አንደኛው ልቤ «አስቴር እኮ ናት! አርፏል ስትል ተኝቷል ማለቷ ይሆናል» ይለኛል። ሁለተኛው ልቤ «ታዲያ ለተኛ ልጅ አይዞህ ይባላል?» ይላል። መንገዱን ሁሉ ደጋግሜ ስደውል አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ቃል በቃል ነገርኳቸውና «ምን ማለቷ ይመስልዎታል፣ አባባ?» አልኩ። እሳቸውም ትከሻዬን ያዝ አድርገው «እግዜር ያጽናህ» አሉኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ የጠላሁት መልካም ቃል የለም። የሚኒባሱ ረዳት ደግሞ ቸር ሰው ነውና ቀይ አፈር ላለ ወንድሙ ደወለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? እኔ ገና ከሁለት ልቤ ጋር ስከራከር፣ አገሩ ወስኖ ጨርሶ ኖሯል። ቀይ አፈር ስንደርስ የእድሩ ድንኳን ደጃፌ ላይ ተተክሏል። ከዚያ በኋላ አንደኛው ልቤም ዝም አለ። የቻሉት ጎረቤቶቼ ሚኒባሱ ውስጥ ተጠቅጥቀው፣ ጂንካ ድረስ እያለቀሱ አብረውኝ መጡ።

የሕፃናት ክፍሉን ኮሪደር በእሪታ ስንሞላው በሩ ተከፈተና አስቴር ብቅ አለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ በቁጣ፣ «ጋሼ! አርፏል አላልኩህም? በስንት ጭንቅ የተኛውን ልጅ ለምን ትቀሰቅሱታላችሁ?» አለችኝ።

እሪታው ተቋረጠ። ከበሩ ወዲያ አንድ ሕፃን በንዴት ሲያለቅስ ሰማሁ፤ የእኔው ነው። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ያን ጊዜ አለቀስኩ። ሐኪሙ ወባ መሆኑን ነገረኝና «ትንሽ ዘግይታ ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ሲጀምር ፊቴን አየና ተወው።

ልጁ ድኖ ቤታችን ከገባን በኋላ አስቴርን አስቀምጬ፣ በእኛ ቋንቋ የታመመ ሰው ሲተኛ ተኝቷል ይባላል እንጂ አርፏል ከተባለ ሞቷል ማለት እንደሆነ አስረዳኋት። ክው ብላ ደነገጠች። «ታዲያ ምን ልበል፣ ጋሼ?» አለችኝ። «ምንም አታሽሞንሙኚው፤ ግልጡን ተናገሪ» አልኳት።

ይኸው ግልጡን ትናገራለች። አሁንም በየሳምንቱ ትመጣለች፤ ግንባሩን ትዳስሳለች፤ አጎበሩን ታያለች። እኔ ገበያ ከሆንኩም ትደውልልኛለች።

«ጋሼ፣ ልጅህን አየሁት። እስካሁን አልሞተም።»

ባለቤቴ ከጎኗ ሆና «በስመ አብ!» ብላ ስታማትብ በስልኩ ይሰማኛል። ያቺን «እስካሁን» የምትለዋን እንኳ እንድታስቀርልኝ ልነግራት ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር። ግን ምን ብዬ ላርማት? ልጅ ያለን ሰዎች ሁላችን የምንኖረው በእስካሁን ነው።