አርባ ሰከንድ በኮዳኒ ጣቢያ

በጃፓን ሠራተኛ የሌለው የገጠር ባቡር ጣቢያ ሁሉ ማንም ያልሾመው አንድ አለቃ አያጣም። የኮዳኒው ክቡር ሙራኦካ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን የፈጁት ሩዝ ወፍጮ ቤት ነው፤ ነፍሳቸው ግን ባቡር ላይ ናት።

ጠዋት ጉሙ ከሩዝ ማሳው ሳይነሣ ነጭ ጓንታቸውን አጥልቀው ይመጣሉ። የአግዳሚውን ትራሶች ያስተካክላሉ። በጣታቸው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጠቆሙ፣ «ሐዲዱ ሰላም!» ይላሉ፤ የሚመልስላቸው እንቁራሪት ብቻ ነው። ባለ አንድ ፉርጎዋ ባቡር ስትነሣ፣ እሳቸው ካልፈቀዱላት የማትሄድ ይመስል ሰዓታቸውን አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዴ ሐኪሙ እየሮጠ ቢመጣ፣ «ዶክተር፣ ባቡር በሽተኛ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ አይጠብቅዎትም!» ብለውታል።

ትራሶቹን የሰፋችው ጎረቤታቸው ፉሚኤ በዚህ ሁሉ ትንገሸገሻለች።

«ጋሼ፣ ሰው ይቀመጥበት እንጂ!»

«ይቀመጥ፤ ግን በልክ።»

በዚያ ማለዳ ግን ክርክር አላሰኛትም። ታናሽ እህቷ ሳዮ ከአሥራ አንድ ዓመት ኩርፊያ በኋላ ጽፋላታለች፦ «በሁለት ሰዓቱ ባቡር አልፋለሁ። ቆመሽ ካየሁሽ እወርዳለሁ።» በእናታቸው ቀብር ማግስት ክፉ ቃል የተናገረችው ፉሚኤ ነበረች። ወደ ጣቢያው ስትመጣ መንገድ ዳር ካለው፣ መንገደኛ ይጠብቃል ከሚባለው የጂዞ የድንጋይ ምስል ፊት እጆቿን ገጥማ ጸልያለች።

ባቡሯ እንደ ሕልም ከጉሙ ወጥታ ቆመች። በሩ ተከፈተ። ሳዮ! ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ፉሚኤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። ሳዮም በሩ ላይ እንደቆመች ጎንበስ አለች።

በአገሩ ወግ በዳይ ከተበዳይ ቀድማ ቀና አትልም። ታናሽም ከታላቅ ቀድማ ቀና አትልም። ሁለቱም መሬት መሬቱን እያዩ ቀሩ። የበሩ መዝጊያ ደወል ጮኸ።

ክቡርነታቸው ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያም ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን በሩ መሃል ሰነቀሩ።

«ኧረ እጅዎን ጋሼ!» ሹፌሩ ደነገጠ።

«ቆይ ልጄ!»

«ዘገየን እኮ!»

«በእኔ ይሁን!» ወደ እህትማማቾቹ ዞሩ። «እናንተ ደግሞ! ስቆጥር እኩል ቀና በሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

ቀና አሉ። ተያዩ። ሳዮ ወረደች።

ባቡሯ አርባ ሰከንድ ዘግይታ ሄደች። ሙራኦካ ሹፌሩን ይቅርታ ሊጠይቁ ወገባቸውን እንዳጠፉ ቀሩ። ባቡሯ ጉሙ ውስጥ ጠፍታም ቀና አላሉም።

«ማን ናቸው?» አለች ሳዮ በሹክሹክታ።

ፉሚኤ ሄዳ ከጎናቸው ቆመች፤ ለእሷ ሲሉ የተሸከሙትን ኀፍረት ልትካፈል ጎንበስ አለች። ሳዮም ሻንጣዋን አስቀምጣ ተከተለች። ባዶው ሐዲድ ፊት ሦስቱም እንዳጎነበሱ ቀሩ።

«እሜቴ ፉሚኤ፣» አሉ ሙራኦካ ከታች ሆነው፤ «አሁን ደግሞ ማን ሊቆጥርልን ነው?»