እትዬ አሰለፈች የተሳለመችው ድንጋይ

የባል እህት «አገር ልጎበኝ መጣሁ» ካለቻችሁ አትመኗት፤ የምትጎበኘው ጓዳችሁን ነው! ይህን የምላችሁ ዲላ ተወልጄ፣ ዲላ ተድሬ፣ ዲላ ያረጀሁ ሴት ነኝ። የድስቴን ክዳን እየከፈተች ስትመረምረኝ የኖረችው የባሌ ታላቅ እህት እትዬ አሰለፈች ትባላለች፤ የአዲስ አበባ ሰው ናት።

በሠርጌ ቀን፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ወንድሜን የጫካ ሴት ወሰደችብኝ!» ብላ አልቅሳለች። የሠርጋችንን ፎቶ ስንልክላትም «ግድግዳዬ ጠባብ ነው» ብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። የረሳሁት መሰላችሁ? እኔ መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ እረሳለሁ እንጂ የተባልኩትን አልረሳም።

ባለፈው ክረምት ደወለች።

«አንቺ ልጅ!» (ልጅ የምትለኝ የልጅ ልጅ ያየሁትን አሮጊት ነው።) «አገራችሁ የዓለም ቅርስ ሆነ አሉ! ለአርት፣ ለአድቬንቸር፣ ለታሪክ እየመጣሁ ነው።»

ጫካው ቅርስ ሲሆን ዘመድ ሆንን! ቢሆንም ደስ አለኝ። ተራራው ላይ አውጥቼ አገሬን ካሳየኋት ያቺን ቃሏን በገዛ አፏ ታነሳልኛለች ብዬ አሰብኩ። የምፈልገው አንድ «ይቅር በይኝ» ብቻ ነበር...

መጣች። ኮፍያ፣ ምርኩዝ፣ የዋጋ ወረቀቱ ያልተነቀለ የተራራ ጫማ! ከወናጎ ከተማ በላይ ወደ ትክል ድንጋዮቹ ሽቅብ ስንል ዝናቡ ወረደ። አስጎብኚያችን ጅግሶ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ አከናነበን። ቀዩን ጭቃችንን ግን የሚያቆመው ቅጠል የለም።

አቀበቱ ላይ የጥንት ሰዎች ለሙታኖቻቸው ያቆሟቸው ድንጋዮች አሉ። አንዳንዶቹ ፊት ተቀርጾባቸዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ... እንዴት ልበላችሁ... አባወራ ሱሪው ውስጥ የሚሸሽገውን አስመስለው፣ ሳይሸሽጉ፣ ከነአናቱ የጠረቧቸው ናቸው። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ይህን ጋዜጣ ልጆችም ያነቡታል።

እትዬ አሰለፈች ተንሸራተተች። ስትወድቅ ያገኘችውን ድንጋይ በሁለት እጇ ጥምጥም! የትኛውን እንደሆነ ገብቷችኋል።

«ማርያምን! ያተረፈኝ ይሄ ነው!» አለችና የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይመስል ግንባሯን አስደግፋ ተሳለመችው። «ፎቶ አንሺኝ!» አንድ አነሳኋት።

ጅግሶ ደነገጠ። «እማማ፣ ይተዉ! እሱ አይሳምም! እሱ እኮ የወንድ...»

«የወንድ ጀግና መታሰቢያ ነው» ብዬ አቋረጥኩት። ዕድል ልሰጣት ፈልጌ ነው፤ ይቅርታ ከጠየቀችኝ ሁሉንም ነግሬ ፎቶውን አጠፋለሁ።

«እትዬ፣ አገሬን እንዴት አዩት?» አልኳት። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት።

«ውብ ነው! እውነቴን ነው፣ በሠርግሽ ቀን የተናገርኩት...»

ፎቶውን ላጠፋ ጣቴን አዘጋጀሁ።

«...ስህተት ነበር። ጫካውን ያለ ስሙ ስም ሰጠሁት! ለካ ጥፋቱ የጫካው አልነበረም።» ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ጠጋ ብለው እቀፉት እትዬ» አልኩ። «ፈገግ ይበሉ!» ከፊት አነሳኋት፣ ከጎን አነሳኋት፣ ጉንጯን አስደግፋም አነሳኋት።

አዲስ አበባ ስትገባ ፎቶውን አስተልቃ፣ በወርቃማ ፍሬም አስገብታ፣ ለሠርጋችን ፎቶ የጠበበው ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። የማኅበር ጓደኞቿ ሳይቀሩ መጥተው አይተዋል አሉ።

«ኧረ ንገሪያት፣ ነውር ነው!» አለኝ ባሌ።

«እህትህ ናት፣ አንተ ንገራት!»

ተነስቶ ዜና ከፈተ።

ባለፈው እሁድ ስልኬ ጮኸ። ድምጿ ሰልሏል።

«አንቺ ልጅ፣ የነፍስ አባቴ ዛሬ ቤቴ መጥተው ነበር። ፎቶውን ትኩር ብለው አዩና ዳቦውን እንኳ ሳይባርኩ ጥለው ወጡ። ምን አስቀይሜያቸው ይሆን?»

«ኧረ እትዬ» አልኩ ድምፄን አለስልሼ፣ «እኔ የጫካ ሴት... ምን አውቄ!»