በማይክ ያጠመቅኩት ፈረንጅ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ሰው አጠመቅኩ!

ቄስ አይደለሁም። ፓስተርም አይደለሁም። የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። የተጠመቀው ሰውዬ ፊልም ውስጥ ነው ያለው፤ መጠመቁንም እስካሁን አልሰማም።

አትሳቁ። ይህን የምጽፈው እየፈራሁ፣ ተጣድፌ ነው። ፊደል ብስት እለፉኝ።

እዚህ ጉደር በማስተምርበት ትምህርት ቤት ዛሬ ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነበር። የእንግሊዝኛ ክበብ ኃላፊው እኔ ነኝ። በየዓመቱ ያንኑ ግጥምና ያንኑ ክርክር ከምናቀርብ ዘንድሮ "ፊልም እናሳይ!" ብዬ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። ማንም አላስገደደኝም። በገዛ እጄ!

አምቦ ያለ አንድ ጓደኛዬ በፍላሽ ሰጠኝ። የእንግሊዝ የትምህርት ቤት ኮሜዲ። ተማሪዎቹ ኮት ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ተሰልፈው ሲገቡ አየሁ። ሃያ ደቂቃ አይቼ ዘጋሁት። ክራባት ካሰረ ልጅ ምን ክፉ ነገር ይመጣል ብዬ።

ይመጣል!

አሁን ፊት ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ ልንገራችሁ። ኦቦ ቶለሳ። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ናቸው። ይሄ ሁሉ ይቅርና የቻልቱ አባት ናቸው። ቻልቱ ደግሞ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ልቤ እሷ ጋ ነው። ነገ እሑድ ከሰዓት አጎቴና ሁለት ሽማግሌዎች ከጊንጪ ተነስተው "ልጅዎን ለልጃችን" ሊሉ ቤታቸው ይመጣሉ።

ለምን እንደፈራሁ ገባችሁ?

ያደግኩት ጊንጪ ነው። ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት የውጭ ፊልም ሲታይ አንድ ሰው ማይክ ይዞ ጥግ ይቆምና እያየ ይተረጉምልን ነበር። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ያልገባውን ደግሞ ከኪሱ። እኔ ከአክተሩ ይልቅ እሱን ነበር የማደንቀው። ዛሬም አብዛኛው ወላጅ እንግሊዝኛ ስለማይሰማ ማይኩን ማን ይያዝ ሲባል ከኔ በፊት የደረሰ የለም።

የአዳራሹ መብራት ጠፋ፣ መጋረጃ ተዘጋ፣ ፊልሙ ጀመረ።

መምህሩ ክፍል ገባ። ከተማሪዎቹ አንድም የተነሳ የለም። አዳራሹ አጉረመረመ። አንዲት እናት ጮክ ብለው "መምህር ሲገባ አይነሱም እንዴ?" አሉ።

"አገሩ ብርድ ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል" አልኩ በማይክ።

"ውይ፣ ምስኪኖች!" አሉ እናቶች ከንፈራቸውን እየመጠጡ።

የመጀመሪያው ውሸት ይሄ ነበር። ትንሽ ነው። ግን ውሸት እንደ ሽንብራ እሸት ነው፤ አንድ ፍሬ ብቻ በልቶ የሚያቆም የለም።

ቀጥሎ አንዱ ልጅ ዳይሬክተሩን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ "አንተ ያረጀ ፍየል" አለው። ኦቦ ቶለሳን አየሁ። ማይኩን አየሁ። ከዚያ እንዲህ ብዬ ተረጎምኩ፦ "ጌታዬ፣ ምክርዎ ሕይወቴን ለወጠው።"

"እሰይ! ተባረክ!" አለ አዳራሹ።

አንዷ እናት አጠገባቸው የተቀመጠውን ልጃቸውን ጭኑን ቆንጥጠው "ስማ! የሰው ልጅ እንዲህ ነው!" አሉት። ልጁ እንግሊዝኛውን ሰምቷል። ቁንጥጫው አሞት ይሁን ሳቁ አንቆት አላውቅም፤ ብቻ ፊቱ ቀልቷል።

ከኋላ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ በሳቅ ወንበር ለወንበር ይንከባለላሉ። ወላጆች ደግሞ "ልጆቹ በትምህርት እንዴት ደስ ብሏቸዋል!" ይላሉ። የኛው ዳይሬክተር ማስታወሻ ይይዛሉ። ምን እንደሚጽፉ ማሰብ አልፈለግኩም። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

ሃያ ደቂቃዋ አለቀች።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን እኔም እንደናንተው አላውቅም!

የመዋኛ ገንዳ መጣ። ዳይሬክተሩ በሙሉ ልብሱ፣ ከነክራባቱ፣ ጫፉ ላይ ቆሟል። ስምንት ተማሪዎች ከኋላው መጡ። እጁን ያዙ። እግሩን ያዙ። አነሱት።

ማይኩን ከአፌ አራቅኩ። ኦቦ ቶለሳ አንገታቸውን ወደኔ አዙረው "በርሲሳ፣ ሰውዬውን ምን ሊያደርጉት ነው?" አሉኝ። በኛ ሰፈር መምህርን በርሲሳ ሲሉ አክብረው ነው።

ወገኖቼ፣ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

"ሊያጠምቁት ነው!" አልኩ።

ጮቧ! ገንዳው ውስጥ ጣሉት።

ኦቦ ቶለሳ ብድግ አሉ። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። "አሜን!" አሉ። አዳራሹ "አሜን!" አለ። የኛ ቤተ ክርስቲያን በጉደር ወንዝ ሲያጠምቅ የሚዘመረውን መዝሙር እናቶች በጭብጨባ ጀመሩት። አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። ተማሪው ሁሉ ነገሩን አውቆታል፤ እናቱ እያለቀሰች ደፍሮ የሚናገር ግን አልተገኘም።

እኔ ደግሞ ፈራሁ። የእውነት ፈራሁ። ፍየሉን ወደ ምክር መቀየር አንድ ነገር ነው። ይሄ ግን የሰዎቹ እምነት ነው፤ የኔም ነው።

ፊልሙ ግን አላዘነልኝም። ዳይሬክተሩ ከገንዳው ወጣ። ውሃው ከጺሙ ይንጠባጠባል። ምድር ላይ ያለ ስድብ ሁሉ ከአፉ እየወጣ፣ ረጅም እንጨት አንስቶ ልጆቹን ማባረር ጀመረ።

"አሁንስ?" አሉኝ ኦቦ ቶለሳ።

"መንፈስ ሞልቶት ነው!"

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ይህንንም አልኩ።

በዚያው ቅጽበት የከተማው መብራት ድርግም አለ። መብራት ሲጠፋ በልቤ እልል ስል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። አበቃ፣ ተረፍኩ አልኩ።

ምን መትረፍ! ኦቦ ቶለሳ መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ገለቶሚ፣ ኢልመ ኮ" አሉኝ። አመሰግናለሁ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ልጄ! ሁለት ዓመት የጠበቅኳት ቃል። ቀጠሉና "ነገ ከአምልኮ በኋላ ለምእመኑ በሙሉ ታሳይልናለህ። እንግዳ ሰባኪም አለን፤ ለንደን የተማረ ነው፤ በጣም ደስ ይለዋል" አሉ።

ለንደን!

ጉልበቴን ብርድ መታው፤ ያንን በሽታ እኔው ነበርኩ የፈጠርኩት።

በሩ ላይ ቻልቱ ቆማለች። ለካ ከኋላ ከጤና ጣቢያው ነርሶች ጋር ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። እሷ ደግሞ እንግሊዝኛ ከኔ እኩል ትችላለች። ስትናደድ ድምጿን ዝቅ የምታደርግ ሰው ናት።

"አባቴ እጁን አነሳ" አለችኝ። "አየኸው?"

"ቻልቱዬ፣ እኔ እኮ..."

"እስከ አስራ አንድ ሰዓት ራስህ ንገረው። አለበለዚያ እኔ እነግረዋለሁ። ያኔ አጎትህንም እንዳይመጣ ደውለህ ታስቀረዋለህ።"

ከትምህርት ቤት እስከ ኦቦ ቶለሳ ቤት በእግር ሩብ ሰዓት ነው። እኔ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። አንድ ጊዜ አምቦ የሚሄድ ሚኒባስ አስቁሜ ረዳቱ "ግባ እንጂ!" ሲለኝ ጥዬው ሄድኩ፤ ሰድቦኛል፣ ልክ ነው። አጎቴ መሃል ላይ ደውሎ "ለነገ ኮቴን አስተኮስኩ" አለኝ። "ጥሩ ነው" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ኦቦ ቶለሳ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቻልቱ አጠገባቸው ጎመን ትቀነጥሳለች፤ ቀና አላለችም። "ታኢ" አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጉልበቱን፣ ፍየሉን፣ ገንዳውን። መንፈሱ ላይ ስደርስ፣ አልደብቃችሁም፣ አለቀስኩ።

ኦቦ ቶለሳ ከቻልቱ ጎመን አንድ ቅጠል አንስተው ቀነጠሱ።

"ሰውዬው ከውሃው ሲወጣ አፉን አየሁት" አሉ በመጨረሻ። "ዕድሜዬን በሬ ጠምጄ ኖሬያለሁ። የሚሳደብ ሰው አፍ በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው።"

"ታዲያ... ነገ ለምእመኑ አሳይ ያሉኝ?"

"እውነቱን ልትነግረኝ ትመጣ እንደሆነ ለማየት ብዬ ነው።"

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስታዬ ነበር።

"መጀመሪያ አሜን ስል ግን ከልቤ ነው" አሉ። "ያልኩት አንተ ስላልክ ነው። እኔ ፈረንጁን አላውቀውም፤ የማውቀው አንተን ነው። ነገ ሽማግሌዎችህ መጥተው 'ልጃችን ልጅዎን ያከብራታል፣ አይዋሻትም' ይሉኛል። ይሄንንስ ማን ይተርጉምልኝ?"

ቀን ሙሉ የፈራሁት እንዳያባርሩኝ ነበር፤ ይህን ስሰማ ግን ልክ ቢሆኑስ ብዬ ፈራሁ።

ያም ሆኖ አፌ አላረፈም። "ለቤተ ክርስቲያኑ ፕሮጀክተሩ ተበላሸ ልበላቸው?" አልኩ።

ቻልቱ ጎመኑን አስቀመጠች። "ደግሞ ሌላ ትርጉም!"

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ነገ ጠዋት በምእመኑ ፊት ቆሜ እውነቱን እናገራለሁ፤ ለንደን የተማረው ሰባኪም ባለበት። ሽማግሌዎቹ ይምጡ ተብሏል። ግን እነሱ ከመግባታቸው በፊት ያንኑ ፊልም እዚያው እሳቸው ሳሎን፣ በላፕቶፕ፣ ከጀመረበት እስከሚያልቅበት እናየዋለን። ኦቦ ቶለሳ መሃል፣ እኔ በስተቀኝ።

የምትተረጉመው ቻልቱ ናት።

"ቃል በቃል" አለች። እንደ መሳቅ ብላ ነበር። ወይም መስሎኝ ነው፤ ከዛሬ ወዲህ የራሴንም ዓይን ማመን ፈርቻለሁ።

እንግዲህ አሁን ቤቴ ገብቼ ላፕቶፑን ከፍቼ አፍጥጬ ተቀምጫለሁ። ከገንዳው በኋላ አርባ ደቂቃ ይቀራል። ፕለይን መጫን አቃተኝ። የፊልሙ ፖስተር ላይ ዳንስ አለ፣ አጭር ቀሚስ አለ፣ አንድ አልጋም ያለ ይመስለኛል።

ይህን ፊልም ያየ አለ? መጨረሻው ምን እንደሆነ በኮሜንት ንገሩኝ። እባካችሁ አታሳምሩልኝ፤ እንዳለ ጻፉት።