ኳስ የማያየው መሸሻ

ይሄን ጉድ መጀመሪያ የነገረችኝ ተሻለች ናት፣ የመሸሻ እህት። "ይገዙ፣ ወንድሜ አንተን ሜዳ ላይ ለመያዝ ብሎ ከፍየላችን ጋር ይጋጠማል" አለችኝ። ፍየሏ ወደ በሩ ስትሮጥ ቀድሞ ይገተራል፤ ወደ ግራ ስትል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስትል ወደ ቀኝ፣ ተስፋ ቆርጣ እስክትተኛ። ሳቅኩ። እኔና ፍየል አንድ ነን?

በየሰፈሩ አንድ ተለጣፊ ተከላካይ አለ። ሌላው ሜዳ የሚገባው ሊጫወት ነው፤ እሱ የሚገባው አንተ እንዳትጫወት ነው። የኮልፌው ተለጣፊ ክቡር ጓድ መሸሻ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የቀበሌ ጥበቃ የነበሩ አባታቸውን ካኪ ኮት በጋ ከክረምት የሚለብሱ። "እኔ ኳስ አላይም፣ ሰው ነው የማየው" ይላሉ። "ዓይን ይዋሻል፣ እግር ይዋሻል፣ ወገብ አይዋሽም።" ወገቤን ሲያይ የሚውል ወንድ ከሳቸው ሌላ አልገጠመኝም።

ውሃ ልጠጣ ስወጣ ይከተለኛል። ጫማዬን ላስር ስንበረከክ አብሮኝ ይንበረከካል። አንዴማ ልሸና ከአጥር ጀርባ ሄጄ ዞር ስል ቆሟል።

"መሼ፣ ኧረ በማርያም!"

"ቀጥል፣ አልቸኩልም።"

እኔም ግን ቀላል ሰው አልነበርኩም። ከ18 ማዞሪያ እስከ ቀራንዮ እንደኔ በግራው የሚመታ አልተወለደም። አንዴ የመታኋት ኳስ የወርቅዬ ጠላ ቤት ገብታ ጋኑን ለሁለት... ይሄን እንኳ ተዉት፣ ወርቅዬ ዛሬም ስታየኝ ታጉረመርማለች።

የፍጻሜው ቀን ግን ጨዋታው ጨዋታ አልነበረም። የአፈሳ ሰሞን ነው፤ ወጣቱ ከመንገድ እየተለቀመ ወደ ጦር ሜዳ ይጫናል። የአንድ ፋብሪካ ቡድን አሰልጣኝ "ጎል ስታገባ ልይህና አስቀጥርሃለሁ" ብሎኛል። የፋብሪካ መታወቂያ የያዘ አይታፈስም ይባል ነበር። አንድ ጎል በቃኝ!

ወደ ግራ ስል መሸሻ። ወደ ቀኝ ስል መሸሻ። ትንፋሹ ጆሮዬ ውስጥ። ያቺ ፍየል ያየችው መከራ ያኔ ገባኝ። መጨረሻ ላይ አሻገሩልኝ፣ በረኛው ወድቋል፣ ጎሉ ባዶ ነው። ልመታ ስል የመሸሻ ጫማ ከየት መጣ ሳልል መጥቶ ኳሷን ጠረጋት። አሰልጣኙ ዣንጥላውን ይዞ ሄደ። እኔም አለቀልኝ አልኩ።

ፊሽካ ተነፋ። መሸሻ ኮቱን ደርቦ መጣና ማሊያዬን ከኋላ ጨምድዶ ያዘ።

"ልቀቀኝ፣ አልቋል እኮ!"

"ፊሽካ አልሰማሁም።"

እየተጨቃጨቅን ማዞሪያው ስንደርስ የጭነት መኪና ቆሟል፣ ባለ ጠመንጃዎቹ ወጣቱን ይለቅማሉ። ልሮጥ ሳስብ፣ ገና ሳስብ፣ መሸሻ ከወገቤ ላይ አወቀ።

"ወገብህን አደብ አስይዘው" አለኝ በጆሮዬ። "ከሮጥክ ይበሉሃል። ከፊቴ ቀስ ብለህ ሂድ።"

አንዱ ባለ ጠመንጃ ካኪ ኮቱን አየ፣ ማሊያዬን የጨመደደውን እጅ አየ። ከነሱው አንዱ መስሎታል፣ እኔ የተያዝኩ።

"ጎሽ! እንዳያመልጥህ!"

"ይሄ? ከኔ አምልጦ አያውቅም" አለው መሸሻ።

ቀራንዮ፣ አክስቱ ቤት እስክንገባ አልለቀቀኝም። ሲለቀኝ የማሊያዬ ጀርባ እጁ ላይ ቀረ። "መኪናውን አይተህ ነው ኮቱን የደረብከው?" አልኩት።

"እኔ መኪና አላይም፣ ሰው ነው የማየው።"

ይኸው ሸበትን። እድር ላይ አግዳሚው ባዶ ሆኖ ሳለ ክርኔ ሥር መጥቶ ይለጠፋል። በዓል በመጣ ቁጥር "ይገዙ፣ ማሊያህን እኮ አልተካሁልህም" ይለኛል።

"ማሊያውን ምሬሃለሁ" እለዋለሁ። "ጎሏን ግን አልምርህም፤ እዚሁ አጠገቤ እየተቀመጥክ ትከፍላታለህ።"

ጠጋ ይላል።