የቆጠራ ኮሚቴውና ያኮረፈው ቦርድ

መምህር የሚባል ሰው የማይድን በሽታ አለበት፤ ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚመረምረው ዕቃውን ሳይሆን ተማሪውን ነው! አትቆጡኝ፣ እኔም መምህር ነኝና ስድቡ ከቤት አልወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆሳዕና ከተማ ኮሌጅ ውስጥ ሳስተምር የኤሌክትሮኒክስ ክፍላችን በዕርዳታ የመጣ፣ አንድ ለእናቱ የሆነ ቦርድ ነበረው። ኤፍ ፒ ጂ ኤ ይሉታል። ስሙ አያስደንግጣችሁ... መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ ናት። መሐሏ ላይ ያለው ትልቁ ቺፕ ከኮምፒውተር እንደላኩለት ዛሬ የትራፊክ መብራት፣ ነገ የግድግዳ ሰዓት ይሆናል። ጠርዟ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች፤ ሥራዋ ኮምፒውተሩ በኬብል የላከውን ተቀብላ ለትልቁ ማቀበል ነው። ደላላ በሏት። ደላላ ካኮረፈ ደግሞ ገበያ እንደሌለ እናንተም ታውቃላችሁ።

ቦርዱን ለመመረቂያ ሥራዋ የተዋሰችው ከዶዮገና የመጣችው ተማሪዬ መሠረት ነበረች። ሰኔ ላይ አንድ ሰኞ ቢሮዬ መጣች።

«ቲቸር፣ ኮምፒውተሩ ቦርዱን አላውቀውም አለ።»

«ምን አደረግሽው?»

«ምንም።»

«ምንም ሳያደርጉት የሚበላሽ ዕቃ የለም! ውኃ ደፍተሽበታል?»

«ኧረ ቲቸር! ለንብረት ቆጠራ ተወስዶ ከተመለሰ ጀምሮ ነው።»

ይቺን የመጨረሻዋን እናንተ ልብ በሉልኝ፤ እኔ ልብ አላልኳትም።

ሥራዋን የምታቀርበው ዓርብ ነው። ቦርዱ ካልሠራ የምታሳየው የለም፤ የተዋሰችውን በደህና ካልመለሰች ደግሞ ክሊራንስ አይፈረምላትም። ያለ ክሊራንስ ዲፕሎማ የለም። አባቷ ግን ዶዮገና ሆነው ለምርቃቱ ዘመድ ጠርተው ጨርሰዋል!

እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት። ኬብል ቀየርኩ። ኮምፒውተር ቀየርኩ። ሶፍትዌሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ቦርዱ መብራቱ ይበራል፣ የድሮውን ፕሮግራም ያለምንም ችግር ይሠራል፤ አዲስ ነገር ግን ወይ ፍንክች! ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ሁለት ቀን አለፈ። ረቡዕ ጠዋት ፍርዴን ሰጠሁ።

«ትንሿ ቺፕ ተቃጥላለች። ጥፋቴን አምናለሁ ብለሽ ደብዳቤ ጻፊ፤ እኔ ከአስተዳደሩ ጋር እነጋገርልሻለሁ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ያላጠፋሁትን አልጽፍም፣ ቲቸር። ይልቅ ሸምሱ ጋ እንውሰደው።»

ሸምሱ ገበያው ዳር ሞባይል የሚጠግን ሰው ነው። ሞባይል ጠጋኝ ስለ ኤፍ ፒ ጂ ኤ ምን ያውቃል ብዬ ሳቅሁ... ሄድኩ ግን። ምን አማራጭ አለኝ?

ሸምሱ ሶፍትዌር አልጠየቀ፣ መጽሐፍ አልገለጠ። ቦርዱን ገልብጦ አጉሊ መነጽሩን አስጠጋ።

«መምህር፣ ጀርባው ላይ የተጫረው ምንድነው?»

«የንብረት መለያ ቁጥር ነዋ!»

መቼም የመንግሥት ዕቃ ቁጥር ታውቃላችሁ፤ ክልሉ አለ፣ ዞኑ አለ፣ ኮሌጁ አለ፣ ክፍሉ አለ፣ በመካከላቸው እዝባር አለ። ቁምሳጥን ላይ ሲጻፍ ያምራል። መዳፍ በምታህል ቦርድ ላይ ግን የሚተርፍ ቦታ የለም።

«በምንድነው የተጻፈው?»

«በሚስማር።»

ሸምሱ መስመር ካልተበጠሰ የሚጮኸውን መለኪያውን አንስቶ አንዱን የመዳብ መስመር ነካ አደረገ፤ ጢጥ አለ። ሁለተኛውን ነካ፤ ጸጥ።

«የመጨረሻው ዘጠኝ ጭራው ረዝሟል» አለ። «ከኬብሉ መሰኪያ ወደ ትንሿ ቺፕ መረጃ ከሚወስዱት ሁለት መስመሮች አንዱን በጥሶታል። የኃይሉን መስመር አልነካውም፤ ለዚህ ነው መብራቱ የሚበራው። ቺፗ ደህና ናት።»

መሠረት ዞር ብላ አየችኝ።

አሁን እንግዲህ ኃጢአቴን ልናዘዝ። የዚያ ዓመት የቆጠራ ኮሚቴ ሰብሳቢ... እኔ ነበርኩ! ድሮ ቁጥሩ በቀለም ነበር የሚጻፈው። በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «ቀለም ይፋቃል፣ ሌባም አይፈራውም፤ በሚስማር ጠልቆ ይጻፍ!» ያልኩት እኔ ነኝ። የንብረት ክፍሉ አቶ ኤርጫፎ ቦርዱን ይዘው መጥተው «መምህር፣ ይቺንም? አይጎዳትም?» ብለው ጠይቀውኛል። ኤሌክትሮኒክስ የተማርኩት እኔ፣ «ጀርባዋ ነው፣ ምን ትሆናለች!» ብዬ መለስኳቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። አፈርኩ፤ የምገባበት ጠፋኝ።

ሸምሱ ከተበጠሰው ቦታ ወዲህና ወዲያ አረንጓዴውን ቅብ በምላጭ ፋቅ አድርጎ መዳቡን አወጣ። ከተጣለ የቻርጀር ገመድ ፀጉር የምታህል ሽቦ መዝዞ በሁለት ነጥብ በየዳ። ከላፕቶፔ ጋር ስናገናኘው ኮምፒውተሩ ወዲያው አወቀው! መሠረት ፕሮግራሟን ላከች... ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ገበያ መሐል እልል ልል ምንም አልቀረኝም። እዚያው ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ዓርብም በኩራት አቀረበች፤ ክሊራንሷን ሮጬ ፈረምኩ።

ለምርቃቱ ዶዮገና ተጠራሁ። አባቷ ከሽማግሌዎቹ መሐል አስቀመጡኝ፤ ክትፎው በቆጮ ቀረበ። ከዚያ ተነሥተው በሰው ሁሉ ፊት አመሰገኑኝ፤ «ዕቃዋ ተበላሽቶባት የደረሱላት መምህሯ ናቸው!» ልጅቷ ለካ የነገረቻቸው ግማሹን ብቻ ነው።

«ለመሆኑ ማን ነው ያበላሸው?» አሉኝ።

«ኮ... ኮሚቴ ነው፣ አባቴ» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ኮሚቴማ ምን ያልገደለው አለ!» አሉ ሽማግሌዎቹ።

አባቷ ግን አልሳቁም። ጠጋ ብለው «የኮሚቴው ሰብሳቢስ ማን ነበር?» አሉኝ።

አፌን ስከፍት መሠረት የጭብጥ ያህል ጉርሻ ከተተችበት።