እርሳስ ያሰረው ዱቄት

ምድር ስትታመም የሚያክሟት ታላላቅ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? የበድሪያ ከፊል፣ ማለት በሳዑዲ አሠሪዋና ዋሷ የሆኑት ሰው፣ ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። በድሪያ ጂዳ ባለው ቪላቸው ስትሠራ አራት ዓመቷ ነው፤ እሳቸው ግን የተበከለ አፈር ማገገሚያ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ከሆኑ ገና አራት ሳምንታቸው ነበር። በዚህ አጭር ጊዜ ስድስት ስብሰባ መርተው የኮሚቴውን የማኅተም ቀለም በሙሉ ድምፅ አስጸድቀዋል።

በሽተኛው ካራንቲና በሚባል የጂዳ ሰፈር ያለ ባዶ መሬት ነው። አሮጌ የመኪና ባትሪ ሲሰባበርበት ኖሮ አፈሩ እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት ጠጥቷል። ያገራችን ሴቶች ይህን ሳያውቁ ጎመንና ሻይ ውስጥ የሚገባውን ናዕና ተክለውበታል፤ ልጆቻቸውም ይንከባለሉበታል። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ የተፈጨ አጥንት ከአፈሩ ጋር ሲደባለቅ እርሳሱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ወደ ተክል ሥር አያልፍም።

"አናባርረውም" አሉ ከፊሉ በንግግራቸው፤ "ባለበት በክብር እናስረዋለን።"

ሃምሳ ጆንያ የአጥንት ዱቄት መጥቶ ቪላው መጋዘን ገባ። ሚስታቸው ማዳም መካ ላለ የድሆች ምግብ ቤት የምትመጸውተው የስንዴ ዱቄትም እዚያው ተደርድሯል። ሾፌሩ ሐሩን በታዘዘው መሠረት ጫነ። ከፊሉ የፈረሙት ትእዛዝ ግን ተገላብጦ ነበር።

በምረቃው ቀን ከፊሉ አንድ ጆንያ ቀደው በተኑ። የሰፈሩ እርግብ ግልብጥ ብሎ ወረደ።

"ሕይወት ወደ ምድሪቱ ተመለሰ" አሉ፤ ተጨበጨበ።

ሻይ ልታድል የመጣችው በድሪያ ከጆንያው ቆንጥራ ቀመሰች።

"ባባ፣ ይሄ የዳቦ ዱቄት ነው።"

"ወረቀቱ ምን ይላል?"

"አጥንት።"

"ማን ፈረመ?"

"እርስዎ።"

"እንግዲያው አጥንት ነው። ኸላስ፣ አለቀ።"

በድሪያ የሻይ ትሪውን አስቀምጣ ስልኳን አወጣች። ይሄ ስንዴ ከሆነ መካ የሄደው ምንድን ነው? ዑተይቢያ በሚባለው የመካ ሰፈር፣ እዚያው የድሆች ምግብ ቤት ለምትሠራው ለራሕመት ደወለች።

"ዱቄቱን አቡክተሽዋል?"

"ስታገለው ዋልኩ። ወላሂ እንደ ሲሚንቶ ነው፤ ሽታው ደግሞ የቄራ።"

"ማንም እንዳይቀምሰው። መጣሁ።"

ማዳም የቀትር እንቅልፏን ስትተኛ በድሪያና ሐሩን የተረፈውን ስንዴ ጭነው መካ ገቡ፤ ለራሕመት አስረክበው አጥንቱን ጭነው ተመለሱና ካራንቲና አወረዱት። ሴቶቹ አካፋ ይዘው ወጡና ከአፈሩ ጋር ለወሱት። እጅጋየሁ የምትባለው ነጭ በነጭ ሆና "እዩኝማ፣ ሙሽራ ሆንኩ" ስትል ሁሉም በሳቅ ፈረሱ።

ከስድስት ወር በኋላ በምርመራ የበቀለው ናዕና ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ከፊሉ ሜዳሊያ አንጠልጥለው ገብተው በድሪያንና ሐሩንን አስጠሩ።

"ያን ጊዜ እውነትሽን ነበር" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ "ዱቄት ነበር። ለካ እርሳስን የሚያስረው ስንዴ ኖሯል። ይህን ያወቀ ኮሚቴ በዓለም የለም። ለቀጣዩ መሬት መቶ ጆንያ ስንዴ አዝዣለሁ፤ ሐሩን ያመላልሳል፣ አንቺ አበታተኑን ትቆጣጠሪያለሽ።"

ሐሩን አፉን ሊከፍት ሲል በድሪያ እግሩን ረገጠችው። የካራንቲና ሴቶች አጥንት ከሥጋ ቤት ለምነው መፍጨት አያቅታቸውም፤ ዱቄት ግን በነፃ የሚሰጣቸው የለም።

"ባባ" አለች አንገቷን ደፍታ፣ "መሬቱ ሰፊ ነው። እርሳሱ እንዳያመልጥ ሁለት መቶ ቢሆንስ?"

ከፊሉ የትእዛዙን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ።

"ሁለት መቶ ሃምሳ ይሁን" አሉ፤ "በሳይንስ አይሰሰትም።"