በዘር የመጣ ኩራት

እኛ ሰፈር ሰው ብዙ ነገር ይቅር ይላል። ሠርግ ላይ ሰክራችሁ ብትሳደቡ በማግስቱ "መጠጡ ነው" የሚልላችሁ አይጠፋም። ሰላምታ ያለፋችሁ ዕለት ግን አለቀላችሁ። ልደታ ውስጥ ሰላምታ አንድ ቃል ወርውሮ መሄድ አይደለም፤ እጅ ይዘረጋል፣ ትከሻ ይጋጫል፣ የእናት የልጅ የጎረቤት ጤንነት በየተራ ይጠየቃል። የተዘረጋ እጅ አየር ላይ ከቀረ ደግሞ ነገሩ የሁለት ሰው ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

የእኛን ቤት ሰዎች "ኩሩዎቹ" ይሉናል። የተጀመረው በአባቴ ነው። አባቴ ከልደታ ማርያም ወረድ ብሎ የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ ሱቁ ውስጥ ሳለ ደግ፣ ተጫዋች፣ ለልጅ ከረሜላ የማይነፍግ ሰው ነው። መንገድ ላይ ሲወጣ ግን አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ ግራ ቀኝ ሳይል፣ ሚኒስትር መስሎ ያልፋል። የሚያውቀው ሰው በጎኑ ቢያልፍ ዘወር አይልም። ሲመሽ ጭራሽ ከቤት አይወጣም፤ "ከእኛ ጋር ማምሸት ንቆ ነው" ተባለ። እኔም አድጌ እንደሱ መሄድ ስጀምር፣ ከዚያም ታናሽ እህቴ ሐና ስትከተል፣ ሰፈሩ ራሱን ነቀነቀና "ከአባታቸው ነው የወረሱት" አለ። ልብ በሉልኝ፤ ማንም ሐኪም ሳያየን፣ ጠብታ ደም ሳይወሰድ፣ ነገሩ በዘር እንደሚተላለፍ ደርሰውበታል። የሳቱት የበሽታውን ስም ብቻ ነው።

እኔ እውነቱን ያወቅኩት አባቴ ካረፈ በኋላ፣ አርባ ዓመት ሲሞላኝ ነው። ታክሲ ስሳፈር የረዳቱን እግር እየረገጥኩ፣ ቢሮ ውስጥ የተከፈተ መሳቢያ ሁሉ እየገጨሁ ስቸገር አለቃዬ "ኧረ ዓይንህን ለሐኪም አሳየው" አለኝ። መነጽር ያዝዙልኛል ብዬ ሐናን አስከትዬ ሄድኩ። ሐኪሟ ጠብታ ጨምራ የዓይኔን ጀርባ በብርሃን ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ አገጬን አንድ መሣሪያ ላይ አስደገፉኝና "መሐል ላይ ያለውን ነጥብ ብቻ እያየህ፣ በየትኛውም ጎን ትንሽ መብራት ብልጭ ሲል ይህን ቁልፍ ተጫን" አሉኝ። ጠበቅኩ። ምንም ብልጭ አላለም። አሁንም ጠበቅኩ። ማሽኑ ተበላሽቶ መሰለኝና ለባለሙያው ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

ማሽኑ ደህና ነበር።

ዓይን ጀርባ ላይ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ፤ ሬቲና ይባላል። የእኔ ከዳር ጀምሮ ቀስ በቀስ እየሞተ፣ የቀረኝ መሐሉ ብቻ ነው። ዓለምን በቧንቧ እንደሚያይ ሰው ነኝ፤ ቧንቧውም እየጠበበ ይሄዳል። ቀስ ብሎ ስለመጣብኝ ሰው ሁሉ እንደዚህ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ልቤን የሰበረው ግን ሐኪሟ ቀጥላ የጠየቀችኝ ነው። "ከቤተሰባችሁ ሲመሽ የማያይ፣ በጎኑ የሚያልፍ ሰው የማይታየው ነበር?" አንገቱን ቀጥ ያደረገው አባቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። አለቀስኩ። ሐናም በዚያው ዕለት አገጯን መሣሪያው ላይ አስደገፈች፤ እሷም ቁልፉን የተጫነችው ጥቂት ጊዜ ነው።

መድኃኒቱስ አትሉኝም? ሐኪሟ አላታለለችንም። መነጽር አያቃናውም። ውጭ አገር ከበሽታው ዓይነቶች ለአንዱ ሕክምና ተገኝቷል፤ የእኛ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን ደማችን ባሕር መሻገር አለበት፤ ቢታወቅም የእኛ ተራ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። እስከዚያው ክትትል፣ የፀሐይ መነጽርና ዓይነ ስውራን የሚይዙት ነጭ በትር። እናቴ ጠበል ካልወሰድኳችሁ አለች። ሐኪሟ "ጠበሉም ይሁን፤ ቀጠሮው ግን አይቅር" አለቻት። ሁለቱንም አደረግን። በበትር መሄድም ከሰፈር ርቀን ሁለታችንም ተማርን።

ነገሩ የከረረው ለሐና ሽማግሌ ሲላክ ነው። ልጁ ዮናስ ይባላል፤ እሷ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት መምህር ነው። ችግሩ የሽማግሌዎቹ መሪ አጎቱ ጋሽ ደጀኔ መሆናቸው ነው። ከአባቴ ሱቅ ፊት ለፊት ይነግዱ ነበር፤ አንድ ጊዜ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የዘረጉትን እጅ አባቴ ሳይጨብጥ ስላለፈ፣ እስኪሞት ድረስ አኩርፈውት ኖሩ። እናቴ ዋዜማውን ሁለታችንንም አስቀምጣ አስጠነቀቀችን።

"ስለ ዓይን አንዲት ቃል እንዳትተነፍሱ። በዘር ነው ከተባለ ማን ልጁን ይሰጠናል? ኩሩ ይበሉን። ኩራት ሴት ልጅ አያስቀርም።"

እሑድ ረፋድ ላይ ሦስት ሆነው መጡ። ሐና እንደ ወጉ ጓዳ ገብታለች። እኔ በር ላይ ቆሜ ጎንበስ ቀና እያልኩ ተቀበልኩ፤ ጋሽ ደጀኔ ፊት ላይ ዓይኔን ተክዬ ፈገግ አልኩ። ፊታቸውን ሳይ ግን እጃቸው ለእኔ የለም። ለካ ተዘርግቷል።

"የአባቱ ልጅ!" አሉ ጋሽ ደጀኔ እጃቸውን እየሰበሰቡ። "እኔ መጀመሪያውኑ አልሄድም ብዬ ነበር።" ወደ በሩ ዞሩ።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። ሽማግሌ ባለበት የምትጠየቀዋ ልጅ ራሷ ስትወጣ አይተን አናውቅም።

"ጋሼ፣ ወንድሜ ንቆዎት አይደለም" አለች ሐና። "እጅዎን አላየውም። እኔም ብሆን አላየውም ነበር። ሁለታችንም ዓይናችንን ያመናል፤ ከአባታችን የወረስነው ነው። ለምወልደውም ሊተርፍ ይችላል፣ ላይተርፍም ይችላል። ይህን ሳታውቁ እንድትወስዱኝ አልፈልግም።"

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጋሽ ደጀኔ ተቀመጡ ሳይባሉ ተቀመጡ።

"ያን ዕለት ድንኳን ውስጥም?" አሉ። "እሱስ ያውቅ ነበር? አይታየኝም ቢለኝ ምን ነበረበት?"

"ያውቅ ነበር" አለች እናቴ ነጠላዋን ሳታነሳ። "ስሙን ሐኪም አልነገረውም እንጂ እንደማያይ ያውቅ ነበር። ዕውር ከሚሉኝ ኩሩ ይበሉኝ እያለ እኔንም አፌን አዘጋኝ።"

"ቀብሩ ላይ እኮ አልቆምኩም" አሉ ጋሽ ደጀኔ። "ተመካክረን እንመለሳለን" ያሉት ሌላው ሽማግሌ ናቸው።

ያን ሳምንት እናቴ ከሐና ጋር አልተነጋገረችም። እኔም ፈራሁ። ኩራታቸው በዘር ነው ሲባል ያልሸሸን ሰው፣ በሽታቸው በዘር ነው ሲባል ይሸሻል ብዬ ፈራሁ። ግን በተከታዩ እሑድ ተመለሱ። ዮናስ ለካ ሁሉን ያውቃል፤ ሐና ገና ሲተዋወቁ ነግራዋለች። "ያልተነገረን እኛ ሽማግሌዎቹ ብቻ ነን!" ብለው ጋሽ ደጀኔ ለወጉ ያህል ተቆጡና ልጅቷን ጠየቁ። እናቴ እሺ ከማለቷ በፊት አለቀሰች። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።

አሁን ሰፈሩ "ሳናውቅ አማናቸው" እያለ ይጸጸታል። እኔ ሳስበው ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። አባቴ አያይም ነበር፤ ኩሩም ነበር። ሐና ዓይኑን ወርሳ ኩራቱን ትታለታለች፤ ነጭ በትሯን ከግቢያችን በር ጀምራ ዘርግታ በልደታ ማርያም ፊት ለፊት ታልፋለች፣ ሰዉም ቀረብ ብሎ ስሙን እየነገረ ይጨብጣታል። እኔም በትር አለኝ። የሚታጠፍ ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ሜክሲኮ አደባባይ ደርሼ የሚያውቀኝ ሰው ሲያልቅ አውጥቼ እዘረጋዋለሁ።

እስከ ሜክሲኮ ድረስ ግን ኩሩ ነኝ።